አሮጌው ሀርድ ዲስክ አዲሱ ጌሚንግ ፒሲ ውስጥ ይግባ ወይስ ይቅር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ የአምዱ አዘጋጆች። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው የምኖረው። ሁለት ዓመት ሙሉ ብር ሳጠራቅም ቆይቼ በመጨረሻ አንድ ጌሚንግ ፒሲ ገጣጠምኩ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600 ነው፣ ማዘርቦርዱ ቢ550፣ ግራፊክስ ካርዱ አርኤክስ 6600፣ ራም 16 ጊጋ፣ ግማሹን ዕቃ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ ግማሹን ደግሞ ዱባይ ያለ የአክስቴ ልጅ ይዞልኝ መጣ። ችግሩ ብሩ እዛ ላይ አለቀና ማስቀመጫ የገዛሁት 500 ጊጋ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ከሀርድ ዲስክ እጅግ የሚፈጥነው ዓይነት) ብቻ ነው። በፊት የምጠቀምበት ዴል ዴስክቶፕ ውስጥ ግን 1 ቴራ ሀርድ ዲስክ አለ፣ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል፣ ወደ 400 ጊጋ የሚሆን ጌም አለበት፣ የእህቴ የኒካህ ፎቶና ቪዲዮ፣ የቤተሰብ ፎቶ ምናምን ሁሉ ያለውም እሱ ላይ ነው። ነቅዬ አዲሱ ላይ ብሰካው በቃ ዊንዶውሱም ጌሙም እንዳለ ይነሳልኛል? ጓደኞቼ አሮጌ ዲስክ አዲሱን ማሽን ያንቀራፍፈዋል እያሉ አስፈራሩኝ። ፎርማት ላድርገው ወይስ ምን ይሻለኛል? ኢንተርኔቱን እንደምታውቁት ነው፣ ያን ሁሉ ጌም እንደገና ዳውንሎድ ማድረግ አልችልም።

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ደስ አለህ፣ ሁለት ዓመት አጠራቅሞ ፒሲ መገጣጠም ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ዲስኩ አብሽር፣ ይሰራልሃል፣ መጣልም የለበትም። ግን ስራውን እኛ እንምረጥለት። ዊንዶውስ አይጫንበትም፣ የእህትህ ኒካህም እሱ ላይ ብቻ አይቀመጥም፣ የጌም መጋዘን ግን አሳምሮ ይሆናል።

ከጌሙ በፊት ስለ ፎቶው ላውራ፣ ምክንያቱም ደብዳቤህን ሳነብ ልቤን ያዝ ያደረገው እሱ ነው። ጌም ቢጠፋ ከጓደኛ ትገለብጣለህ፣ ኒካሁ ግን አይደገምም። ዴሉ አሁን እየሰራ ነው አይደል? በቃ ሳትፈታው፣ አንድም ብሎን ሳትነካ ፎቶና ቪዲዮውን ኢክስተርናል ላይ ገልብጥ፣ ከሌለህ ተዋስ፣ ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ይቀመጣል። የሚሳሱላቸውን ፎቶዎች መርጠህ ጉግል በነፃ በሚሰጠው 15 ጊጋ ላይ ብትጭናቸው ደግሞ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ቢበላሽ እንኳን እነሱ አሉ። ገልብጠህ ስትጨርስ ዝም ብለህ አትመን፣ ከየፎልደሩ ሁለት ሶስት ቪዲዮ ከፍተህ መሀላቸው ላይ ዝለልና እየተጫወቱ መሆኑን እይ።

እዚህ ላይ የማጠብቅብህ በራሴ ስለደረሰ ነው። አያቴ በረመዳን ማታ ማታ መንዙማ ስትል በስልክ ቀርጬ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጬ ነበር፣ ወደ 40 ደቂቃ ይሆናል፣ መሀል ላይ የስኒ ድምፅ ይሰማል፣ እሷ ደግሞ ቆም ብላ እሳቱን ቆስቁሱት ትልና ካቆመችበት ትቀጥላለች። ካረፈች ከዓመት በኋላ አዲስ ዊንዶውስ ልጭን ብዬ ተቀመጥኩ፣ ሁለት ዲስክ ተሰክቷል፣ ሁለቱም 1 ቴራ ናቸው፣ ስክሪኑ ላይ ሁለቱም 931 ጊጋ ነው የሚሉት፣ ልዩነታቸው አንዱ ዲስክ 0 ሌላው ዲስክ 1 መባሉ ብቻ ነው። ያልሆነውን አጠፋሁት። በሪከቨሪ ፕሮግራም ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልግ ቆይቼ ፋይሉን አገኘሁት፣ ግን አይከፈትም፣ አዲሱ ዊንዶውስ ላዩ ላይ ተጽፎበታል። ከዛ ቀን ወዲህ ዊንዶውስ ስጭን ዊንዶውሱ ከሚገባበት ዲስክ በስተቀር ሌላው በሙሉ ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ አንተም እንደዛው አድርግ።

የዲስኩን ጤንነት ደግሞ ሳትነቅለው እዛው ዴሉ ላይ እየው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ትንሽዬ ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ስትከፍተው ሰማያዊ ካሳየህ ደህና ነው፣ ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቅ ነው፣ ቀይ ከሆነ ያለህን ይዘህ ውጣ ነው። ግን በቀለሙ ብቻ አትወስን፣ ከታች ካለው ዝርዝር 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉትን መስመሮች ፈልግ። 05 ማለት ተበላሽተውበት በመጠባበቂያ የተካቸው ሴክተሮች (ዳታ የሚጻፍባቸው ትንንሽ ቦታዎች) ናቸው፣ ሲ5 ማንበብ አስቸግረውት በጥርጣሬ የያዛቸው፣ ሲ6 ደግሞ ጭራሽ ሊነበቡ ያልቻሉት። ፕሮግራሙ ቁጥሩን በሄክሳዴሲማል ስለሚጽፈው ግር ሊልህ ይችላል፣ ዜሮ ግን በየትኛውም አጻጻፍ ዜሮ ነው፣ ሶስቱም ዜሮ ከሆኑ ደስ ይበልህ። ሲ5 ላይ ቁጥር ካለና በየሳምንቱ ሲጨምር ካየህ ለጌምም ቢሆን እኔ አልመክርህም። ሲ7 የሚለው ብቻ ከሆነ የጨመረው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ ሳይሆን ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው የሳታ ኬብል ነው፣ ኬብል ቀይር። ስንት ሰዓት እንደሰራም እዛው ታየዋለህ። ለምሳሌ 24,000 ሰዓት ቢል በቀን 8 ሰዓት እየበራ 3,000 ቀን ማለት ነው፣ ስምንት ዓመት አለፈው፣ እንዲህ ያለ ዲስክ ዛሬ ደህና ቢሆንም ለነገ ማንም ዋስ አይሆንለትም።

በነገራችን ላይ ደሴ ከፍታ ስለሆነች ሀርድ ዲስክ ቶሎ ይሞታል የሚል ወሬ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ወሬው ከባዶ የተነሳ አይደለም፣ ምክንያቱም የተለመደው ሀርድ ዲስክ ውስጥ ማንበቢያው ጭንቅላት ሳህኑን ሳይነካ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፣ ክፍተቱ በናኖሜትር የሚቆጠር ነው፣ አየሩ በጣም ከሳሳ ጭንቅላቱ ይወርዳል። ግን አምራቾቹ በተለምዶ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ይሰራል ብለው ነው የሚያወጡት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 አካባቢ ናት፣ ስለዚህ ከፍታው አይደለም ገዳዩ። እኔ ጥገና ላይ ያየሁት የዲስክ ጠላት መብራቱ ነው፣ እየጻፈ ሳለ ድርግም ሲልበት፣ መጣ ሲባል ደግሞ ተመልሶ ሲሄድ። ለፒሲህ ያን ያህል ብር አውጥተሃል፣ ቀጥለህ የምትገዛው ነገር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው) ይሁን፣ ከኪቦርድ መብራትም ከጌሚንግ ወንበርም በፊት።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ዊንዶውሱ እንዳለ ይነሳል ወይ ላልከው፣ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ ሰማያዊ ስክሪን ያሳይሃል፣ አንዳንዴ ደግሞ ማዘርቦርዱ ጭራሽ ቡት የሚደረግ ነገር አላየሁም ይልሃል። ድሮ የተጫነ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ዲስኩ በኤምቢአር (በድሮው የዲስክ አከፋፈል) ተከፋፍሎ በአሮጌው የባዮስ ስልት የሚነሳ ነው፣ አዲሱ ማዘርቦርድህ ደግሞ በአዲሱ ስልት በዩኢኤፍአይ ነው የሚሄደው። ቢነሳ እንኳን የዴሉን ድራይቨር ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፣ ላይሰንሱም ከዴሉ ማዘርቦርድ ጋር የታሰረ ስለሆነ አዲሱ ላይ አክቲቬት አልተደረግኩም ይልሃል። በዛ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ስለዚህ ኤንቪኤምኢው ላይ ንፁህ ዊንዶውስ 11 ጫን፣ ፕሮሰሰርህ ይደገፋል፣ ቲፒኤም (ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደህንነት ክፍል) የለም ካለህ ባዮስ፣ ማለትም የማዘርቦርዱ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ኤፍቲፒኤም የሚለውን ማብራት ነው።

ስትጭን ሌላው ዲስክ ይነቀል ያልኩህ በስህተት እንዳታጠፋው ብቻ ብዬ አይደለም። ዊንዶውስ ሲጫን ሌላ ዲስክ ላይ የቆየ የቡት ክፍልፋይ ካገኘ የራሱን ማስነሻ ፋይል እዛ ሊያስቀምጥ ይችላል፣ አንተ ሁሉም ነገር ኤስኤስዲው ላይ ነው ብለህ ትቀመጣለህ፣ ከዓመት በኋላ አሮጌው ዲስክ ሲሞት ወይ ስትነቅለው ደህናው ፒሲ አልነሳም ይላል። በዚህ ምክንያት ፒሲው ተበላሸ ተብሎ ሲመጣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፣ ማዘርቦርድ ሊገዙ የነበሩም አሉ።

ዊንዶውሱ ገብቶ ድራይቨሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ፒሲውን አጥፋ፣ ከሶኬት ንቀል፣ ፓወር በተኑን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ቆይ፣ ከዛ ነው ዲስኩ የሚገባው። በአራት ብሎን ቦታው ላይ እሰረው፣ በኬብል ተንጠልጥሎ ወይ ኬሱ ወለል ላይ ተጋድሞ እንዳይሰራ፣ ንዝረት አይወድም። የሳታ ኬብሉ አፍ በአንድ በኩል ብቻ እንዲገባ ጥግ ያለው ነው፣ እምቢ ካለህ ገልብጠው እንጂ አትግፋው፣ ያቺ ቀጭን ፕላስቲክ ከተሰበረች ዲስኩ ራሱ አለቀ ማለት ነው። ብዙ ቢ550 ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ ሁለተኛው የኤም2 ቦታ (ኤንቪኤምኢ የሚሰካበት) ከተያዘ አንዳንዶቹ የሳታ ፖርቶች ይጠፋሉ፣ ዲስኩ አልታይ ካለህ ተበላሸ ከማለትህ በፊት ማንዋሉን አይተህ ሌላ ፖርት ላይ ሰካው።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ፓወር ሰፕላይህ ኬብሎቹ ተነቅለው የሚገቡበት ዓይነት ከሆነ ከራሱ ካርቶን የወጣውን ኬብል ብቻ ተጠቀም። የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል አፉ ገጠመ ማለት መስመሩ አንድ ነው ማለት አይደለም፣ ለ5 ቮልቱ መስመር 12 ቮልት ሊልክበት ይችላል፣ ዲስኩ እዛው በአንድ ሰከንድ ይቃጠላል። ከመሳቢያ ኬብል ቆፍሮ ማውጣት የሁላችንም ልማድ ነው፣ ለዚች ግን አይሆንም።

ጓደኞችህ ያንቀራፍፈዋል ያሉህ ግማሽ እውነት አለው። ዊንዶውሱ ኤስኤስዲ ላይ እስካለ ድረስ ዲስኩ ፕሮሰሰርህንም ግራፊክስ ካርድህንም አይጎትትም። የምታየው ልዩነት ዲስኩ ተኝቶ ከነበረ ፎልደር ስትከፍት ሳህኑ መሽከርከር እስኪጀምር ጥቂት ሰከንድ መጠበቅህ፣ ከዛ ደግሞ ጌም ሎድ ሲያደርግ ነው። ሀርድ ዲስክ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ይሄዳል፣ የሳታ ኤስኤስዲ ወደ 550 ይደርሳል፣ ኤንቪኤምኢ ደግሞ በሺዎች ነው። ግን ጌም የሚያነበው በተከታታይ አይደለም፣ ከዚህም ከዛም ትንንሽ ፋይል ነው የሚለቅመው፣ ሀርድ ዲስኩ ለእያንዳንዷ ጭንቅላቱን ማንቀሳቀስ አለበት፣ እዛ ላይ ነው የሚቀረው። ኤፍፒኤስህ (በሰከንድ የምታየው የምስል ብዛት) በአብዛኛው ያው ነው፣ ትልቅ ካርታ ያለው ጌም ላይ በመኪና ስትከንፍ ግን አንዳንዴ ቆም ቆም ይልብሃል፣ ህንፃው መጀመሪያ ብዥ ብሎ መጥቶ ከዛ ይጠራል።

ስለዚህ ጌሞቹን ከፋፍላቸው። ሳይበርፐንክ 2077 እና ስታርፊልድን የመሳሰሉት በዝቅተኛ መስፈርታቸው ራሱ ኤስኤስዲ ስለሚጠይቁ ኤንቪኤምኢው ላይ ይግቡ። የድሮው ጂቲኤ 5፣ የቆዩ የፊፋና የፔስ ዓመቶች፣ እንዲሁም ጀምረህ የተውካቸው ግን ማጥፋት ያልፈለግካቸው አሮጌው ዲስክ ላይ ይቀመጡ። አንዱን ልትጫወተው ስትፈልግ ስቲም (ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ፕሮግራም) ውስጥ ስቶሬጅ ገብተህ ሙቭ ማለት ነው፣ ስትጨርስ ትመልሰዋለህ። ይሄ ለኛ ትልቅ ነገር ነው፣ አስበው እስቲ፣ 400 ጊጋ በ10 ሜጋቢት ኢንተርኔት ሳይቋረጥ ቢወርድ እንኳን ወደ 89 ሰዓት ነው፣ ከዲስክ ወደ ዲስክ ግን በሰከንድ 100 ሜጋባይት ብትይዘው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

የስቲም ጌሞችህን እንደገና ማውረድ የለብህም። አዲሱ ላይ ስቲምን ጫንና ሴቲንግ ውስጥ ስቶሬጅ ብለህ አሮጌውን ዲስክ ጨምረው፣ የድሮውን ላይብረሪ ፎልደር ሲያገኝ ጌሞቹን ያውቃቸዋል፣ ፋይላቸውን አጣርቶ የጎደለ ካለ ያችን ብቻ ነው የሚያወርደው። በኮፒ ከሰው የመጡ ጌሞች ካሉህ ደግሞ ስትከፍታቸው ዲኤልኤል ጎደለ ሊሉህ ይችላሉ፣ ጌሙ ተበላሽቶ አይደለም፣ ቪዥዋል ሲፕላስፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብልና ዳይሬክትኤክስ አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ስላልተጫኑ ነው።

ሴቭህን እንዳትረሳ! ጌሙ ራሱ ቢገለበጥም የደረስክበት ደረጃ ብዙ ጊዜ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ በድሮው ሲ ውስጥ ዩዘርስ፣ ከዛ ያንተ ስም፣ ከዛ ዶክመንትስ ወይ ሴቭድ ጌምስ ወይ ደግሞ አፕዳታ ውስጥ። አፕዳታ የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ ሂደን የሚለውን ካላበራህ አይታይህም። አንድ ደንበኛዬ ጌሙን በሙሉ አምጥቶ ዩዘርስን ፎርማት አድርጎት የሶስት ወር ጨዋታውን ከዜሮ ጀመረ። ፎልደሩን ስትከፍት ፈቃድ የለህም ካለህ ኮንቲንዩ በለውና ጠብቀው፣ እምቢ ካለ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ፣ አድቫንስድ ገብተህ ኦውነሩን ወደራስህ ቀይር። ድሮ ቢትሎከር (የዊንዶውስን የዲስክ መቆለፊያ) አብርተህ ከነበረ ግን ከመንቀልህ በፊት እዛው ዴሉ ላይ አጥፋው፣ አለበለዚያ 48 አሃዝ ያለው ሪከቨሪ ቁልፍ ይጠይቅሃል።

ፎርማቱ አይቸኩልም። ባዮስ ላይ ቀዳሚው ኤንቪኤምኢው መሆኑን አረጋግጥና ሁለት ሳምንት እንዲሁ ተጠቀም፣ የረሳኸው ነገር ትዝ የሚልህ ያኔ ነው። ከዛ ጌሞቹ በዲ ክፍልፋይ ብቻቸውን ካሉ የድሮውን ሲ ብቻ ፎርማት አድርግ። ሁሉም አንድ ላይ ከሆነ ትልቅ ኢክስተርናል የምትዋስበት ቀን ጠብቀህ ጌሙን ገልብጠህ አውጣ፣ ዲስኩን በጂፒቲ (በአዲሱ የዲስክ አከፋፈል) እንደ አዲስ አድርገህ መልሰው። ያን ቀን ግን የምታጠፋው የትኛው ዲስክ እንደሆነ በመጠኑም በስሙም ሁለት ጊዜ ተመልከት።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። ደሴ ያለው ወንድሜ ላፕቶፑ ስክሪኑ ተሰብሮበት 500 ጊጋ ሀርድ ዲስኩን ውሰጂው ብሎኛል፣ እኔ ደግሞ ዴስክቶፕ ነው ያለኝ። የላፕቶፕ ዲስክ ዴስክቶፕ ላይ ይገጥማል? በሚኒባስ ቢልክልኝስ ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ ይገጥማል። ሳታ እስከሆነ ድረስ የዳታውም የፓወሩም አፍ ከዴስክቶፑ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ መለወጫ አያስፈልግም። ትንሽ ስለሆነ ብቻ በኬሱ ላይ የ2.5 ኢንች ቦታ ፈልጊለት፣ ከሌለ ማቀፊያ ትሪ ይሸጣል። ብሎኑም ከትልቁ ዲስክ ብሎን የቀጠነ ነው፣ ወፍራሙን በግድ አታስገቢ። የላፕቶፕ ዲስኮች ብዙዎቹ በደቂቃ 5,400 ዙር ነው የሚሽከረከሩት፣ ከዴስክቶፑ 7,200 ይዘገያሉ፣ ለፊልም፣ ለፎቶና ለቀላል ጌም ግን ይበቃል።

መንገዱን በተመለከተ ወንድምሽ ላፕቶፑን በስሊፕ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ይንቀለው፣ የጠፋ ዲስክ ጭንቅላቱን ከሳህኑ ላይ አንስቶ ስለሚያስቀምጥ መንቀጥቀጡን ይችላል፣ መውደቅን ግን አይችልም። በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ለሚያውቀው ሰው በእጁ ይስጠው፣ የሀረጎን መጠማዘዣ ስታውቂው ከመደርደሪያ ላይ የማይንሸራተት ዕቃ የለም። ጠዋት ከደሴ ብርድ ወጥቶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ወዲያው አትሰኪው፣ አንድ ሁለት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ይቆይ፣ ቀዝቃዛ ብረት ሙቅ አየር ሲያገኘው እርጥበት ይይዛል። ከገባ በኋላ ፎልደር ከመክፈትሽ በፊት በአንቲቫይረስ ስካን አድርጊው፣ ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ በፍላሽ ብቻ አይደለም የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ ነኝ። የድሮ ዲስኬን አዲሱ ፒሲ ላይ ስሰካው ጠቅ ጠቅ ይልና ይቆማል። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠህ ሞክር ብለውኛል፣ ላድርገው? ውስጡ የስራ ፋይል አለኝ።

መልስ፦ በፍፁም ፍሪጅ ውስጥ አታስገባው፣ ውስጡ እርጥበት ይፈጠርና የነበረችውን ተስፋ ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ ሌላ የሳታ ኬብልና ሌላ የፓወር አፍ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክር፣ አንዳንዴ ፓወሩ ሲያንሰውም እንዲህ ይላል። አሁንም ጠቅ ጠቅ ካለ ጭንቅላቱ ነው፣ በእያንዳንዱ ማብራት ሳህኑን ሊቧጭረው ይችላል፣ ስለዚህ ደግመህ አታብራው። ክዳኑንም ማንም እንዳይከፍተው፣ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ለጭንቅላቱ ከክፍተቱ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ፋይሉ የግድ የሚያስፈልግህ ከሆነ ንፁህ ክፍል ያለው የዳታ ሪከቨሪ ባለሙያ ነው የሚያየው፣ ዋጋው ከአዲስ ዲስክ በብዙ ይበልጣል፣ ፋይሉ ለዛ ይበቃል ወይ የሚለውን አንተ ነህ የምታውቀው። እስከዛው በጨርቅ ጠቅልለህ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው፣ ላዩ ላይ አይሰካ ብለህ ጽፈህ ለጥፍበት፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው እስቲ ልሞክረው ብሎ እንዳያበራው።